የመንዝ ብርድ ለዳታ ማዕከላት፦ ኃይል ቆጣቢ ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ሥርጭት በደጋው ምድር

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መሐል ሜዳ፣ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ ከተማዋ የሚያቀና መንገደኛን በቅድሚያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሌሊቶች የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ማለዳ ላይ ማሳውና ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይታያል።

የመንዝ ሕዝብ ይህን ብርድ ሲቋቋም የኖረው በራሱ ጥበብ ነው። ከመንዝ በግ ፀጉር ባናና በርኖስ ሠርቷል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አቁሞ ጣሪያውን በጓሳ ሣር ከድኗል። ብርዱ ለሰው፣ ለእንስሳትና ለአዝመራ ፈተና ሆኖ ቢቆይም፣ በዘመናችን ግን ብርድን እንደ ሀብት የሚፈልግ ተቋም ተፈጥሯል። ይኸውም የዳታ ማዕከል ነው።

የዳታ ማዕከል ማለት መረጃ የሚያከማቹና የሚያሰሉ ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒዩተሮች በብዛት ተደርድረው ያለማቋረጥ የሚሠሩበት ሕንፃ ወይም ክፍል ነው። በመሐል ሜዳ ገበያ በግ የሸጠ አርሶ አደር ገንዘቡን በቴሌብር ቢቀበል፣ የክፍያው ትእዛዝ የሚፈጸመው ራቅ ብሎ በሚገኝ የዳታ ማዕከል ውስጥ ባለ ሰርቨር ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም ነበር። ከዚያ ወዲህ የባንክ፣ የብሔራዊ መታወቂያ፣ የገጠር መሬት ምዝገባና የጤና አገልግሎቶች ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት እየገቡ መጥተዋል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰርቨር በሙቀት ወይም በኃይል መቆራረጥ ምክንያት ሥራ ሲያቆም፣ ጉዳቱ በማሽኑ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ለመሬት ማረጋገጫ ደብተር ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ባለጉዳይ "ሲስተም የለም" ተብሎ እንዲመለስ ያደርጋል።

ስለሆነም የዳታ ማዕከላት እንዴት ቢቀዘቅዙና ኤሌክትሪክ እንዴት ቢደርሳቸው በአነስተኛ ወጪ ሳይቋረጡ ሊሠሩ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ፣ ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን እንደ መሐል ሜዳ ላሉ ደጋማ ከተሞችም ጠቃሚ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን በቤት ውስጥ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል። 10 ኪሎ ዋት የሚፈጁ ሰርቨሮች ያሉበት ትንሽ ክፍል እንግዲህ ሦስት የሚጠጉ ምጣዶች ሌሊትና ቀን ሳይጠፉ የሚግሉበት ቤት ማለት ነው። በሩና መስኮቱ ከተዘጋ የክፍሉ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሙቀቱን ለማስወገድ የተለመደው መንገድ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ መትከል ነው። ይሁንና ማቀዝቀዣው ራሱ ኤሌክትሪክ ይበላል። በመሆኑም ማዕከሉ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ሙቀቱን ለመፍጠር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት።

ይህን ብክነት ለመለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ። ማዕከሉ በጠቅላላ የሚወስደው ኃይል ሰርቨሮቹ ብቻ ለሚወስዱት ኃይል ይካፈላል። ውጤቱ 2 ከሆነ፣ ለአንድ ዋት የኮምፒዩተር ሥራ ሌላ አንድ ዋት ለማቀዝቀዣና ለሥርጭት ብክነት ይወጣል ማለት ነው። ወደ 1 እየቀረበ ሲሄድ ግን ማዕከሉ ኃይል ቆጣቢ እየሆነ ይሄዳል። አፕታይም ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባካሄደው ጥናት የዓለም አማካይ 1.56 መሆኑን አመልክቷል። ጉግል ኩባንያ ደግሞ ትላልቅ ማዕከላቱ በአማካይ 1.1 ገደማ ላይ መድረሳቸውን ይገልጻል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ጉልህ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 10 ኪሎ ዋት ክፍል በ2 ስሌት ሲሠራ በጠቅላላ 20 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስሌቱ ወደ 1.3 ቢወርድ 13 ኪሎ ዋት ይበቃዋል። የሚተርፈው 7 ኪሎ ዋት በዓመት ውስጥ ባሉት 8 ሺህ 760 ሰዓታት ሲባዛ 61 ሺህ 320 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚድነው ከአንድ ትንሽ ክፍል ነው።

የሀገራችን ተጨባጭ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ትላልቅ የዳታ ማዕከላት በዋናነት በአዲስ አበባ ተሰባስበው ይገኛሉ። ከቴሌኮም ኩባንያዎችና ከመንግሥት ተቋማት ማዕከላት በተጨማሪ፣ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ኩባንያዎች በመዲናዋ በሚገኘው የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ ውስጥ ማዕከላት ገንብተዋል።

ወደ ወረዳ ሲወረድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የወረዳ ኔት መርሐ ግብር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይትና በመስመር ከማዕከል ጋር ማገናኘቱ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ የተተከሉት የመገናኛ መሣሪያዎች በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ለኮምፒዩተርና ለባትሪ የሚሆን ክፍል እንዲዘጋጅ ምክንያት ሆነዋል። የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓትን የመሳሰሉ አዳዲስ አገልግሎቶችም ሰርቨርን ወደ ወረዳ ይዘው መጥተዋል። እነዚህ ክፍሎች ትንንሾች ቢሆኑም ብዛታቸው ሲታሰብ ብክነታቸው ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ አድጓል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ኃይል በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም አመንጭቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በይፋ ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ፍላጎቱ ግን ከአቅርቦቱ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ኃይል ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም አዳዲስ ጥያቄዎችን መቀበል ማቆሙን ማስታወቁ ይህንኑ ያመለክታል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም የዳታ ማዕከላት 415 ቴራ ዋት ሰዓት ገደማ ወይም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህሉን ወስደዋል። በቁጠባ የሚገኝ ኃይል ግድብ ሳይሠራ የተገኘ ኃይል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የደጋው ብርድ የሚሰጠው ዕድል

ለሰርቨር የሚገባው አየር በረዶ መሆን የለበትም። አሽሬ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማቀናበሪያ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር መግቢያ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመሐል ሜዳና በአካባቢዋ የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። በሌላ አነጋገር፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው አየር ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሰርቨሮቹን ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ሊያቀዘቅዝ ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው አየሩን ለሚያንቀሳቅሰው ማራገቢያ ብቻ ይሆናል።

ይህ አሠራር በዓለም ላይ የተፈተነ ነው። ፌስቡክ፣ በዛሬ ስሙ ሜታ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ስዊድን ሉሌኦ በተባለች ከተማ የከፈተው ማዕከል የሚቀዘቅዘው በአካባቢው ቀዝቃዛ አየር ነው። ከሉሌኦ በተለየ የመንዝ ደጋ ከምድር ወገብ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጠባብ ነው፤ ሰፊው ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ነው። በዚህም የተነሣ አሠራሩ ለወቅቶች ሳይሆን ለቀንና ለሌሊት መፈራረቅ መዘጋጀት ይኖርበታል።

አየሩን በቀጥታ ማስገባት ግን ጥንቃቄ ይሻል። የሌሊቱ አየር ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከሰርቨሮቹ ከሚወጣው ሙቅ አየር ጋር ተደባልቆ መግባት አለበት። በበጋ አቧራና የኩበት ጭስ፣ በክረምት ደግሞ ጉምና እርጥበት መሣሪያዎችን ይጎዳሉ። ለዚህ ሁነኛው መፍትሔ ማጣሪያ መግጠምና በየጊዜው ማጽዳት ነው። ከዚህም የተሻለው የውጭው አየር ከውስጡ አየር ጋር ሳይቀላቀል ቅዝቃዜውን ብቻ በስስ የብረት ግድግዳዎች አማካይነት የሚያስተላልፍበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ቅዝቃዜው ሲገባ አቧራው ውጭ ይቀራል።

ስስ አየር የሚያስከትለው ጣጣ

የደጋው ብርድ ነፃ ነው ቢባልም ቅድመ ሁኔታ አለው። በ3 ሺህ 100 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 68 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል፣ 10 ኪሎ ዋት ሙቀት ለማስወጣትና በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል የ12 ዲግሪ ልዩነት እንዲኖር ለማድረግ፣ በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 2 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። በመሐል ሜዳ ግን 3 ሺህ 600 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። ያው ማራገቢያ በተመሳሳይ የአየር መተላለፊያ ውስጥ ይህን ያህል አየር እንዲያንቀሳቅስ ሲገደድ፣ አየሩ የቀለለ ቢሆንም እንኳ የሚፈጀው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። መፍትሔው ከመነሻው ሰፋ ያለ መተላለፊያና ትልቅ ዲያሜትር ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎችን መጠቀም ነው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀነስ የኃይል ፍጆታው በግማሽ ያህል እንደሚወርድ በምህንድስናው ዘርፍ የታወቀ ሕግ ነው።

የመሣሪያ አምራቾችም በከፍታ ላይ ገደብ ያስቀምጣሉ። በአሽሬ የምደባ ሠንጠረዥ ለተለመዱት የሰርቨር ዓይነቶች የተቀመጠው የከፍታ ጣሪያ 3 ሺህ 50 ሜትር ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን፣ ጥብቅ ቁጥጥር ለሚያስፈልጋቸው መሣሪያዎች የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ቦታ እስከ 32 ዲግሪ የሚፈቀድለት ሰርቨር፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ 25 ዲግሪ አካባቢ ላይ መቆም አለበት ማለት ነው። መሐል ሜዳ ከዚህ ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ለከተማዋ ሰርቨር የሚገዛ ተቋም የአምራቹን የከፍታ ማረጋገጫ ሳያይ ውል መፈረም አይኖርበትም።

ስስ አየር በተለይ የሚፈትነው የሚሽከረከር ሐርድ ዲስክን ነው። የዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ላይ በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። በቺሊ በ5 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው አልማ የተባለ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የጣቢያው ግዙፍ ኮምፒዩተር በዚህ ምክንያት የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ሲሆን፣ ለማቀዝቀዣው የሚሆነው የአየር ፍሰትም እጥፍ እንዲሆን ተደርጓል። ለመሐል ሜዳ የሚመረጠውም የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው የማከማቻ ዓይነት ነው።

በከፍታ ላይ መሥራት እንደሚቻል ግን ሀገራችን ራሷ ምስክር ናት። በ3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ቴሌስኮፖችንና ኮምፒዩተሮችን ሲያስተናግድ ቆይቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያም የተቋቋመው በዚያው በእንጦጦ ነው። በቲቤት የምትገኘው የላሳ ከተማም ከ3 ሺህ 600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የዳታ ማዕከል ተገንብቶባታል።

ኤሌክትሪኩ በመንገድ ላይ ሲባክን

ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚነፈገው ሁለተኛው የብክነት ምንጭ የኤሌክትሪክ ሥርጭቱ ነው። ኃይሉ ከመስመሩ ወደ ትራንስፎርመር፣ ከዚያም መብራት ሲጠፋ ኃይሉን በባትሪ ወደሚተካው ዩ.ፒ.ኤስ.፣ ቀጥሎ ወደ ማከፋፈያ ሰሌዳ፣ በመጨረሻም ወደ ሰርቨሩ የኃይል መለወጫ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል።

የአራቱ ደረጃዎች ብቃት በቅደም ተከተል 98፣ 92፣ 98 እና 90 በመቶ ነው እንበል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መልካም ይመስላል። ሲባዙ ግን ከገባው 100 ዋት ሰርቨሩ ውስጥ ለሥራ የሚደርሰው 80 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ደረጃዎቹ ወደ 99፣ 97፣ 99 እና 95 በመቶ ቢሻሻሉ የሚደርሰው ኃይል 90 ዋት ይሆናል። የባከነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሥርጭቱን ማሻሻል የማቀዝቀዣውንም ሥራ ያቀላል።

የተለመደው ስሕተት ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ዩ.ፒ.ኤስ. መግዛት ነው። አብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች ከአቅማቸው በታች በጥቂቱ ሲጫኑ ብቃታቸው ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ ለሚፈለገው መጠን ገዝቶ፣ ፍላጎቱ ሲጨምር ተጨማሪ ክፍል የሚሰካበትን ዓይነት መምረጥ ያዋጣል። ርቀትና ቮልቴጅም ወሳኝ ናቸው። ተመሳሳይ ኃይል በእጥፍ ቮልቴጅ ቢተላለፍ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ትራንስፎርመሩን ወደ ሕንፃው ማቅረብና ኤሌክትሪኩን በሦስቱም ፌዝ አመጣጥኖ መጫን የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በዚህም ረገድ ከፍታው የራሱ ሕግ አለው። የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ መሣሪያዎችና ትራንስፎርመሮች በአብዛኛው የሚሠሩት እስከ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። ከዚያ በላይ ስሱ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ መሣሪያው ለከፍታ ተብሎ መታዘዝ ወይም ከተጻፈበት አቅም ዝቅ ብሎ መጫን ይኖርበታል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተርም በመሐል ሜዳ ከፍታ አንድ አራተኛ ያህል አቅሙን ያጣል። ይህን ሳያሰሉ የገዙት ጄኔሬተር መብራት በጠፋ ዕለት ጭነቱን ሊሸከም አይችልም።

የባትሪ ጉዳይ ደግሞ ተቃራኒ ትኩረት ይጠይቃል። የሊድ አሲድ ባትሪ ተስማሚ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ከዚህ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ደግሞ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ስለሆነም ሰርቨሩን የሚያቀዘቅዘው የሌሊት ብርድ ባትሪውን እንዳይጎዳ፣ ባትሪው የራሱ የተከለለ ክፍል ሊኖረው ይገባል። ከሰርቨሮቹ የሚወጣውን ሙቅ አየር በከፊል ወደዚህ ክፍል መምራት ያለ ተጨማሪ ወጪ ችግሩን ይፈታል። ከዚያ የሚተርፈውም ሙቀት በብርዳማ ከተማ ውስጥ አጠገብ ያለን ቢሮ ወይም የሕሙማን መጠበቂያ ክፍል ለማሞቅ ሊያገለግል ይችላል።

ከወረዳ ክፍል መጀመር

እነዚህን አሠራሮች ለመተግበር ግዙፍ ማዕከል እስኪገነባ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ የወረዳ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ዛሬውኑ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሥራ ፈትተው የበራ ሰርቨሮችን መለየትና ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ቀዝቃዛው አየር በሰርቨሮቹ ፊት፣ ሙቁ አየር ደግሞ በጀርባቸው እንዲሆን አደራጅቶ፣ ሁለቱ እንዳይደባለቁ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ክፍተቶች በቀላል መክደኛ መድፈን ነው። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ባለበት ክፍልም ሙቀቱን 18 ዲግሪ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ 24 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ሌላው ቁጠባ ነው።

መሬቱ ዓለታማ፣ ክረምቱም ነጎድጓዳማ በሆነበት በደጋው አካባቢ የመብረቅ መከላከያና ተገቢ የመሬት ሽቦ የግድ ያስፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ግን ለክፍሉ ለብቻው ቆጣሪ መግጠም ተገቢ ነው። ያልተለካ ኃይል መባከኑ አይታወቅም፤ ካልታወቀም አይቆጠብም።

የመንዝ ሕዝብ የጋራ ሀብትን በሥርዓት በመጠበቅ የታወቀ ነው። በመሐል ሜዳ አቅራቢያ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለረጅም ዘመን ቄሮ ይባል በነበረው ባህላዊ ሥርዓት ለተወሰኑ ዓመታት እየተዘጋና በጊዜው እየተከፈተ በመጠበቁ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም ይኖሩበታል። ሣሩ ጸንቶ የቆየው ማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚያጭድ ስለተወሰነ ነው። ብርዱም እንደ ሣሩ ሁሉ የአካባቢው ሀብት ነው። ጥቅም የሚሰጠው ግን የከፍታው ባሕርይ ተለክቶ፣ መሣሪያው ለከፍታው ተመርጦ፣ ኤሌክትሪኩም በእያንዳንዱ ደረጃ ተቆጥሮ ሲያዝ ነው።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለሆስፒታሎችና ለትምህርት ተቋማት የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚገዙ አካላት በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የቦታውን ከፍታ፣ የሙቀት መጠንና የሚፈለገውን የኃይል ብቃት በግልጽ ሊያሰፍሩ ይገባል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ይህ ሲሆን ከሩቅ ቀበሌ ማልዶ የተነሣው ባለጉዳይ መብራት ቢጠፋም ሆነ ውርጭ ቢወርድ ጉዳዩን ፈጽሞ በዕለቱ ወደ ቤቱ ለመመለስ ይበቃል።